ድሬሰር በላቸውና የወንድሜ ልጅ

የእድራችን ጸሐፊ በራፌ ላይ ቆመው «አቶ በላቸው አረፉ» ሲሉኝ «ሞተ?» አልኳቸው። ሰውየው ደነገጡ። በእኛ ዘንድ ለሞተ ሰው አንቱታ አይነፈግም፤ በቁሙ አንተ ሲባል የኖረ እንኳ ሲሞት «አረፉ» ይባልለታል። ያን ቀን ግን አፌ እምቢ አለኝ። ጸሐፊው ነጠላቸውን አስተካክለው «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉና ሄዱ።

ሄድኩ። እድር እድር ነው። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው የእህቱ ልጅ ነበር። «በነፋስ ስልክና በላፍቶ አካባቢ ለበርካታ ዓመታት የሕዝብን ጤና ሲጠብቁ የኖሩ፣ በሙያቸው ምስጉን፣ ለድሃ አዛኝ» እያለ ቀጠለ። አጠገቤ የቆመች ሴት ተንሰቀሰቀች። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣብኝና በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። ያየኝ ሁሉ የማለቅስ ሳይመስለው አልቀረም።

በዕድሜዬ ብዙ ደግ ሰው አውቄያለሁ። የብዙዎቹ ስም አሁን አሁን ከአፌ እየጠፋ ነው። የበላቸው ግን የወርቅ ጥርሱ ሳይቀር ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል። እንዲህ ያለውን ሰው መርሳት አለመቻል ራሱ ያናድዳል።

በላቸው ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ያን ጊዜ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም የሚረዳ ሠራተኛ ነው። የተከበረ ሥራ ነው፤ ጨዋ ጨዋ ድሬሰሮች ነበሩ። እሱ ግን ድሬሰር ሲሉት ፊቱ ይቀላል። ከጦር ሠራዊት በጡረታ ወጥቶ ሰፈራችን ሲገባ «ዶክተር» መባል አለብኝ ብሎ ወሰነ። ደርግ መጥቶ ቀበሌ ሲቋቋም ደግሞ የጤና ኮሚቴው ሊቀመንበር ሆነና «ጓድ ዶክተር» ተባለ። ሁለቱንም ማዕረግ ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው።

በካኪ ልብሱ ላይ ነጭ ጋዋን ይደርባል። ከጋዋኑ የደረት ኪስ ቴርሞሜትር ብቅ ብሎ ይታያል። ቴርሞሜትሩ ከተሰበረ እንደቆየ የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። እሱ ግን አራግፎ አራግፎ ከታማሚው ብብት ሥር ይሸጉጠዋል፤ ከዚያ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዞረውና ዓይኑን አጥብቦ «ትኩሳት አለ» ይላል። ሰውየው እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ! ትኩሳት እንዳለማ ዓይነ ስውርም ይነግረዋል።

«ሕክምና ድፍረት ነው፤ የቀረው ወረቀት ነው» ማለት ይወድ ነበር። ድፍረቱ ነበረው። ወረቀቱን ያየ ግን የለም።

ሐሰት አልናገርም፤ አንድ ክረምት ተቅማጥና ትውከት ሰፈሩን ሲፈጀው ቤት ለቤት ዞሮ ኖራ አስበትኗል። ሌሎች በተኑ፣ እሱ ዞረ። በየቤቱም የቀረበለትን ጠላ ቀመሰ። ከሰዓት በኋላ ላይ ኖራው በትክክል የተበተነው በእሱ ጋዋን ላይ ብቻ ነበር።

የሚኮራበት ሥራ ግን ግርዘት ነው። ክርስቲያን ሳይል እስላም፣ በሰፈሩ ወንድ ልጅ ከተወለደ በላቸው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይመጣል። ከየት እንደሚሰማ እንጃ፤ ምጥ በያዘ ማግስት ያውቃል። ጠላ ቤት ተቀምጦ «በዚህ ሰፈር ባለ ወንድ ሁሉ ላይ ፊርማዬ አለ» እያለ ይስቃል። አባቶች አብረውት ይስቃሉ። ምን ያድርጉ? ቀበሌ የተቀመጠ ሰው ሲስቅ አለመሳቅ ያን ጊዜ አያዋጣም።

እኔ ያን ጊዜ ከወንድሜ ከተስፋዬና ከሚስቱ ከዘነበች ጋር ነበርኩ። ቤታችን ነፋስ ስልክ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ መንገዱ ወደ ላፍቶ ማሳ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል ነው። ተስፋዬ ቆርቆሮ ፋብሪካ ይሠራል፣ እኔ ልብስ እሰፋለሁ። ዘነበች የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት በሦስተኛው ነው እግዜር ብሩክን የሰጣት።

የወለደችው ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጅዋ ሲስተር ልጁን አጣጥባ ጨርቁ ላይ ካስተኛችው በኋላ ዝቅ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዘነበች ከአልጋዋ ሆና ታያት ነበር።

«ምነው? ልጄ ምን ሆነ?»

«አትደንግጪ። ጤነኛ ነው፣ ወንድ ነው። የሽንቱ ቀዳዳ ብቻ ጫፉ ላይ መሆን ሲገባው ከሥር በኩል ነው የተከፈተው። ብልቱም ወደ ታች ጎበጥ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። አልፎ አልፎ እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ወንዶች አሉ። ከፍ ሲል በቀዶ ጥገና ይስተካከላል።»

«ምን በድዬ ነው?»

«ምንም። የማንም ጥፋት አይደለም» አለችና ሲስተሯ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ስሚኝ። አንድ ነገር አደራ፤ ማንም እንዳይገርዘው። ሐኪሙ አዲሱን የሽንት መስመር የሚሠራለት በሸለፈቱ ቆዳ ነው። ያ ከተቆረጠ ሥራው በጣም ይከብዳል።»

አደራውን ተቀብለን ወጣን። ተስፋዬም ሰማ፣ ገባው። «አይገረዝም ከተባለ አይገረዝም» አለ። ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት።

በስምንተኛው ቀን ተስፋዬ ሥራ ላይ እያለ በላቸው መጣ። አላንኳኳም፤ እሱ የሰው በር የሚያንኳኳው በእግሩ ነው።

«ወንድ ተወልዶ ለእኔ አይነገርም?» ብሎ ቦርሳውን አልጋው ላይ ወረወረ።

ዘነበች ገና ወገቧ አልጠናም ነበር፤ ተደግፋ ለመነሳት ስትሞክር ልጁን ካጠገቧ አንስቶ መጠቅለያውን ፈታው። ፊቱን አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ፣ ምን እንደሆነም እንዳልገባው ከዓይኑ አነበብኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ ልጁን መልሶ ይጠቀልለዋል። በላቸው ግን የማያውቀውን ነገር ሲያይ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ይስቃል።

«ይኼንማ መላእክት ገርዘውታል!» አለ። «እዩት፣ ከሥር በኩል ሸለፈት የለውም። ግማሹን ሠርተው ግማሹን ለእኔ ትተውልኛል።»

«ጋሽ በላቸው» አልኩት፤ «ሲስተሯ አይገረዝ ብላለች። ሲያድግ ለሚደረግለት ቀዶ ጥገና ቆዳው ያስፈልጋል።»

«ምን ሊሠሩበት? ወጥ?»

«ጋሽ በላቸው፣ ስለ እግዜር…»

«ሲስተር! እኔ ኦጋዴን ላይ የወታደር እግር ስቆርጥ ሲስተርሽ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር።»

ልጁን ከእጁ ተቀበልኩትና ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። በላቸው ከእኔ ጋር አልታገለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ወደ ዘነበች ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያ ሰው ከሚጮህበት ጊዜ ይልቅ ድምፁን ዝቅ ያደረገበት ጊዜ ያስፈራል።

«ዘነበች፣ ባለፈው ዓመት ባልሽ ቀበሌ ታስሮ ሳለ፣ ይኼ ሰው የሠርቶ አደር ልጅ ነው፣ ልቀቁት ብሎ የተናገረለት ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«የተናገረ አፍ ተመልሶ ሊናገር ይችላል። አይደለም እንዴ?»

ዘነበች እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «ስጪኝ» አለችኝ።

«ዘነቡ፣ አይሆንም!»

«ስጪኝ እኅቴ። አባቱን ከሚወስዱብኝ…» አለችና አልጨረሰችውም። ልጁን ከደረቴ ወስዳ ለበላቸው ሰጠችው። በዚያ ዓመት ለሥራ እንደወጡ የቀሩ ባሎችን የምታውቅ ሴት በእሷ ላይ አትፈርድም።

በላቸው ምላጩን አወጣና በጋዋኑ እጅጌ ጠረገው። «አሁን በዚች ሸለፈት ላይ አብዮታዊ እርምጃ እንወስዳለን» አለ። ያን ጊዜ አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ የሚባለው ሬድዮ ላይ ነው፤ የተገደሉ ሰዎች ስም ሲነበብ። ማንም አልሳቀም። እሱ ብቻ ጥርሱ እስኪያብረቀርቅ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ቆረጠ።

ልጁ እንዴት እንደጮኸ አልተርክም። ደሙ አልቆም ሲል በላቸው ጥጥ ጎሰጎሰበት፣ ያን ወይን ጠጅ መልክ ያለውን የቁስል መድኃኒት አፈሰሰበት፣ ጠቀለለውና ለእናቱ መለሰላት። ከዚያ እጁን ሳይታጠብ ቤቱን ቃኘ።

«የአራስ ቤት ገንፎ የለም እንዴ?»

ነበረ። ለዘነበች የተገነፋ፣ መሐሉ ላይ ቅቤው ገና ያልረጋ። እፊቱ አድርጎ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ እናቱ ከልጁ ጋር እያለቀሰች፣ እስከ ጠርዙ ጠርጎ በላው። ሲጨርስ «ጨው አንሶታል» አለ።

ደሙ እስከ ማታ ሳይቆም ስለቀረ በጋቢ ጠቅልለን ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥን። ሲስተሯ ገልጣ ስታየው ዓይኗን ጨፈነች። አልተቆጣችንም፤ ብትቆጣን ይሻለን ነበር። በክር ይዛ ደሙን ካቆመች በኋላ «ማነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ነገርናት። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያ ሰው እሷንም በየወሩ ስብሰባ የሚያስቆማት ሊቀመንበር ነበር።

ተስፋዬ በማግስቱ ሄደበት። ወንድሜ ቁጡ አይደለም፤ ግን ያን ቀን ቡጢውን ጨብጦ ነው የወጣው። ተመልሶ ሲመጣ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«እኔ አልገረዝኩትም አለኝ። እኔ ስመጣ የተገረዘ ነበር፤ መላእክት ገርዘውታል ብዬ እዚያው ተናግሬያለሁ፣ ሚስትህን ጠይቃት አለኝ። ከዚያ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠርቶ እስከ በሩ ሸኙት አላቸው።»

እንግዲህ ቀብሩ ላይ «በሙያቸው ምስጉን» የተባለው ይኼ ነው።

በላቸው ነገሩን ደብቆ ቢይዘው እንኳ ጥሩ ነበር። ልጁ ሽንቱ ከሥር እየወረደ ጭኑን ሲያርሰው፣ ቁስሉ ሲመረቅዝ፣ ወሬ እንዳይነሳበት ቀድሞ ወሬ አነሳ። በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ «የተስፋዬ ልጅ ግማሽ ወንድ ነው» አለ። በየስብሰባው አጉል እምነት ይውደም እያለ እጁን የሚያነሳው ሰው ለጎረቤቶቻችን ሴቶች ዘነበች ነፍሰ ጡር ሳለች በቀትር ወንዝ ተሻግራ ሰይጣን ለክፏት ነው አላቸው። ከአንድ አፍ ሌኒንም ሰይጣንም ይወጡ ነበር፤ የትኛው በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስነው ጥቅሙ ነው።

ብሩክ በዚህ ወሬ መሐል አደገ። ቆሞ መሽናት አይችልም፤ ልብሱን ያረጥበዋል። እንደ ሴት ልጅ ቁጢጥ ይላል። የሰፈር ልጆች አንድ ቀን አጥር ሥር አዩትና ከዚያ በኋላ «ብሩኬ» ማለት ትተው «ብሩክቲ» ማለት ጀመሩ። ዘነበች ከግቢ አታስወጣውም። እሱም አይጠይቅም፤ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ ከውጭ የሚጫወቱትን ልጆች ጎል ይቆጥርላቸዋል።

አራት ዓመት ሲያልፈው ከተማ መሐል ካለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰድነው። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ተመላልሰን በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ሐኪሙ ቀጭን፣ ድካም ፊቱ ላይ የተጻፈበት፣ ሰላምታ የማያበዛ ሰው ነበር። ልጁን አስተኝቶ አየውና ቀና ሳይል «ማን ገረዘው?» አለ።

«የቀበሌያችን ድሬሰር» አልኩ።

«ሲወለድ አትገርዙት አልተባላችሁም?»

ዘነበች መሬት መሬት ታያለች። «ተብለናል» አልኩት።

ሌላ አልጠየቀም። የምንኖርበትን ዘመን እሱም ይኖርበታል። ሥራዬን ጠየቀኝና ልብስ ሰፊ መሆኔን ስነግረው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«እንግዲያው ይገባሻል። ልብስ ሲሰፋ ለመጣፊያ ከራሱ ጨርቅ ይተዋል አይደል? ይኼ ልጅ ሲፈጠር የጎደለውን የሚሞላበት ቆዳ ከላይ በኩል ተርፎለት ነበር። ሰውየው ያንን ነው የጣለው። አሁን ከክንዱ የውስጥ በኩል፣ ፀጉር ከሌለበት ቦታ ቆዳ እወስዳለሁ። መጀመሪያ የጎበጠውን አቀናለሁ። ያ ሲሽር ቆዳውን እንደ ቱቦ ጠቅልዬ ሽንቱን ጫፉ ድረስ አደርሰዋለሁ። በአንድ ጊዜ ያልቅ የነበረው አሁን በአንዴ አያልቅም። ሊያፈስም ይችላል፤ ካፈሰሰ እንደገና እንደፍናለን።»

«ወንድ ይሆናል?» አለች ዘነበች። ከገባን ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ሐኪሙ ብሩክን አነሳና ቁምጣውን ራሱ አለበሰው። «ወንድማ ነው እኮ» አላት። «እኔ የምሠራው ቧንቧውን ነው።»

ዋርድ ውስጥ አጠገባችን ከፉሪ የመጣች ከድጃ የምትባል እናት ነበረች። የእሷም ልጅ እንደ ብሩክ ሆኖ የተወለደ ነው። ገብቶ ተሠርቶለት በዚያው ሳምንት ሽንቱን በደንብ መሽናት ጀመረ። ዘነበች ገርሟት «እንዴት እንዲህ ቶሎ?» ስትላት ከድጃ ሳቀች።

«እኛማ አላስገረዝነውም። አባቱ ሲያየው መላእክት ገርዘውታል፣ ከእንግዲህ ምላጭ አይነካውም አለ። ተውነው። ዶክተሩ ደስ አለው፤ ቆዳው ሙሉ ነው አለን።»

አንድ ቃል፣ በሁለት ቤት። የፉሪው አባት መላእክት ሠርተውታል ብሎ እጁን ሰበሰበ፤ የእኛው ጓድ ዶክተር መላእክት የጀመሩትን ልጨርስ ብሎ ምላጭ መዘዘ። ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከድጃ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት «ምነው እናቴ? ምን አልኩሽ?» እያለች ትከሻዋን ታሻሻት ነበር።

የብሩክ ግን ተጓተተ። መጀመሪያ ቀና፤ ቁስሉ እስኪሽር ቤት ከረመ። ተመልሰን ገባን፣ ቱቦው ተሠራለት። ያ ሳይደርቅ መሐሉ ላይ አፈሰሰ፤ ሽንቱ በሁለት በኩል ሲወጣ ልጁ ራሱ አይቶ «አክስቴ፣ ተቀደደ» አለኝ። እንደገና ተደፈነ። ክንዱ ላይ ቆዳ የተወሰደበት ጠባሳ አለ፤ ዛሬም አለ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሐኪሙ የላስቲክ ቱቦውን አውጥቶ ብዙ ውኃ አስጠጣውና ጣሳ አስያዘው። ብሩክ ቆመ። ጠበቅን። ከዚያ ሽንቱ ከጫፉ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጣሳውን ስቶ የሐኪሙን ጫማ አገኘ። ያ የማይስቅ ሰው ሳቀ። ተስፋዬ ኮሪደር ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ።

ሰፈር ስንመለስ ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ። ልጆቹ አጥር ሥር ወሰዱት፣ ፈተኑት፣ በርቀት አሸነፋቸው። ከዚያ ወዲያ ብሩክቲ ያለው የለም። በዓመቱም አንደኛ ክፍል ገባ።

ይኼን ጊዜ ነው በላቸው ነፍስ የዘራው።

የብሩክን መዳን ጠላ ቤት ተቀምጦ ሰማ። ወዲያው «እኔ ነኝ ወደ ሆስፒታል የላክሁት» አለ። ትንሽ ቆየና «የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ እነሱ የጨረሱት ነው» አለ። ውሸቱ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይነፋል። ተስፋዬ ሲሰማ «ተዉት፣ ልጄ ቆሞ ይሸናል፣ ሌላው የእሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ዝም አስባለን።

የክትባት ዘመቻ የሚከፈትበት ቀን መጣ። ነዋሪው በሙሉ ቀበሌው አዳራሽ እንዲገኝ ታዘዘ፤ ያልተገኘ ይጠየቃል። ከቀበሌው በላይ ካለው መስተዳድር፣ ከከፍተኛው፣ የመጡ ካድሬ መድረክ ላይ ተቀምጠዋል። የቀበሌው የኪነት ቡድን ዘፈነ፣ መፈክር ተባለ። በላቸው ማይክራፎኑን ያዘ። ጋዋኑ ለዚያ ቀን ታጥቧል። ስለ አብዮቱ ጤና ብዙ ከለፈለፈ በኋላ ዓይኑን በሰው መሐል ያንከራትት ጀመር።

«ጓዶች፣ ማስረጃ ላሳያችሁ። ብሩክ ተስፋዬ! ና ወደዚህ!»

የዘነበች ጣቶች ክንዴ ውስጥ ተቀበሩ። ልጁ ግን መምህር የጠራው መስሎት ተነስቶ ሄደ። በላቸው እጁን ልጁ ጭንቅላት ላይ ጫነ።

«ይኼ ልጅ ሲወለድ ጎደሎ ነበር። ወንድም ሴትም ለማለት ያስቸግር ነበር። በፊውዳሉ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ተደብቆ ይቀር ነበር። ግን በስምንት ቀኑ በእኔ እጅ ሕክምናው ተጀመረ! ዛሬ እንደምታዩት ሙሉ ወንድ ነው!»

ጭብጨባ ተጀመረ። ተስፋዬ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ልጁ ያለ ወላጁ ፈቃድ በመቶ ሰው ፊት ገመናው ተገልጦ ቆሟል፤ አንዳችንም መነሳት አንችልም። በላቸው ጭብጨባው አልበቃው ብሎ ማይክራፎኑን ወደ ልጁ አፍ አስጠጋ።

«እስቲ ንገራቸው ማሙሽ። ማነው ያዳነህ?»

ብሩክ ቀና ብሎ አየው። ሥርዓት የምታውቅ እናት ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቀው እውነቱን በአክብሮት ነው የሚመልሰው።

«እርስዎ ቆረጡኝ» አለ። ድምፁ በማይክራፎኑ አዳራሹን ሞላው። «የሰፉኝ ሆስፒታል ያሉት ዶክተር ናቸው።»

የሆነ ሰው ሊታሰር ነው አልኩ በልቤ። ከፊት መደዳ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት «ኸረ እግዚኦ» አሉና በነጠላቸው ውስጥ መፍነክነክ ጀመሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለችው ቀጠለች። ከዚያ ወንዶቹ፣ በላቸው ፊርማዬ አለባችሁ ሲላቸው አብረውት ሲስቁ የኖሩት ወንዶች፣ አግዳሚው እስኪንቃቃ ሳቁ። ካድሬው ሳቃቸውን ሊያፍኑ መሐረባቸውን አወጡ፤ አልቻሉም። እሳቸው ሲስቁ እኛም ዳንን። ካድሬ የሳቀበት ነገር ወንጀል አይሆንም።

በላቸው ማይክራፎኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ብሩክ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። ወደ እኛ ተመልሶ መጣና «ተሳሳትኩ እንዴ?» አለ። ተስፋዬ አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ ጠዋት በላቸው ቤታችን መጣ። ጋዋኑን አልለበሰም። ያለ ጋዋን ትከሻው ጠባብ ነው። ዘነበች በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ብሩክ መሬት ላይ ተዘርግቶ የቤት ሥራውን ይሠራል።

«ልጃችሁን ሥርዓት አላስተማራችሁትም» አለ ከደፍ ላይ ሆኖ። «በሕዝብ ፊት አዋርዶኛል። ይቅርታ መጠየቅ አለበት። እናንተም።»

ዘነበች በሕይወቷ ትልቅ ሰው ሲገባ ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም። ለሚያሟት ጎረቤቶቿ ትነሳለች። ለጠላት ትነሳለች። እኔ ራሴ ተነስታ «ይግቡ ጋሼ» ትለዋለች ብዬ በልቤ ሰደብኳት።

አልተነሳችም። ጠጠር አግኝታ በጣቷ ወደ ጎን አደረገች። ቀና ብላም አላየችውም።

«ሰማሽኝ ዘነበች?»

«ሰምቻለሁ» አለች።

ሌላ ምንም አላለችም። ይግቡም፣ ይሂዱም። በላቸው መቀመጫ ፍለጋ ቤቱን በዓይኑ ዞረ። ባዶው ወንበር ላይ የብሩክ ደብተሮች ነበሩ፤ ማንም አላነሳቸውም። እኔ የመኪናዬን መርገጫ መርገጥ ቀጠልኩ። ልጁ እርሳሱን እየነከሰ ድምር ይደምራል። ሰውየው እዚያ ደፍ ላይ፣ ከውጭም ሳይሆን ከውስጥም ሳይሆን፣ አንዴ በዚህ እግሩ አንዴ በዚያ እግሩ እየቆመ ጠበቀ።

ምስሩ ተለቅሞ ሲያልቅ ዘነበች ሰፌዱን አነሳችና ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ እዚያ ሰፈር ወንድ ሲወለድ እናቶች በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይወስዱት ጀመር።